«የዱካክ መድኃኒት» ተብሎ ድሬ ላይ የሚሸጠው ከባድ ብርድ ልብስ

ድሬ ላይ ተቀምጦ ብርድ ልብስ መገምገም ቀልድ ይመስላል። አውቃለሁ። ግንቦት ላይ አንሶላ እንኳ የሚከብድበት፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም ሰው ፍራሹን ጎትቶ ግቢ ውስጥ የሚተኛበት ከተማ ነው። እዚህ 7 ኪሎ የሚመዝን ብርድ ልብስ ማን ይገዛል? ይገዛል አቦ! እኔ ራሴ ገዝቻለሁ። ከኔ ፊት የነበረች ሴትዮ ሁለት አስጠቅልላ ስትወጣም አይቻለሁ። ያየው ሁሉ «እውነት ይሠራል ወይ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

ዕቃው ግራጫ ነው፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ። ከላይ እስከ ታች በትንንሽ አራት ማዕዘን ተሰፍቷል። በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ በጣም ደቃቅ የመስታወት ጠጠሮች አሉ፤ ክብደቱ የሚመጣው ከነሱ ነው። ውጭ አገር ለጭንቀትና ለእንቅልፍ እጦት ተብሎ ይሸጣል። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ መላ ሰውነትህን እኩል ሲጫንህ ሰው ያቀፈህ ያህል ትረጋጋለህ ነው የሚሉት። ይሄ ዝም ብሎ የነጋዴ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ የስዊድን ጥናት፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውና እንቅልፍ እምቢ ያላቸው 120 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከባዱን ብርድ ልብስ የለበሱት ቀላሉን ከለበሱት የተሻለ ተኝተዋል። ስለዚህ ዕቃው በደፈናው ማጭበርበሪያ ነው አልልም።

የድሬው ሻጭ ግን ስለ ስዊድን አላወራኝም። «ወንድሜ፣ እንቅልፍ ምናምን ተወው» አለኝ። «ይሄ የዱካክ መድኃኒት ነው። ይሄን ለብሰህ ተኛ፣ ዱካክ ደጅህን አይረግጣትም። ወላሂ!»

የሱቁን ስም አልጠራም። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሻይም ጋብዞኛል። ዋጋው ግን ከአንድ ደህና የስፖንጅ ፍራሽ አይተናነስም። በዚህ ዋጋ «መድኃኒት» የሚል ቃል ሲጨመርበት ዝም ማለት ይከብዳል።

ለአዲስ አበባ ሰዎች ስል ዱካክ ምን እንደሆነ ልበል። አማርኛ ለሚያስፈራ ሕልም ቅዠት የሚል ቃል አለው። ቃዠ ስትል ሰውየው ተኝቶ ያወራል፣ ይጮኻል፣ ይወራጫል። ወባ ይዞት ትኩሳቱ ሲወጣም ይቃዣል። ጠራራ ፀሐይ ላይ የማይሆን ነገር ሲያወራም «ምን ያቃዥሃል?» ይባላል። ዱካክ ሌላ ነው። ዱካክ መጀመሪያ ድብርት ነው፣ ያ ምክንያት የሌለው ከባድ ጭፍግግታ። እዚህ እኛ ጋ፣ ጫት ከቡና እኩል በሚታወቅበት ምሥራቅ፣ ዱካክ ከስሜትነት አልፎ ሰው ሆኗል። ወይም ሰው መሰል ነገር። ቃሚ ጫቱን ሲተው ሌሊት የሚመጣበት እሱ ነው። «ዱካኩ መጣብኝ» ሲሉህ እንግዳ የመጣባቸው ነው የሚመስልህ።

ደግሞ በሕልም የሚቀጣው ቅጣት! አንዱን ቃሚ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ይገጥምና ይንጠዋል። ሌላውን ከረጢት ሙሉ ጠጠር አቅርቦ «ዋጥ!» ይለዋል። ጥፋቱ ምንድነው ብትል፣ ጫት ማቆሙ። ዱካክ የተናቀ ጌታ ነው። እኔ ብርድ ልብሱን የገዛሁለት ጓደኛዬ ከስንት ዓመት በኋላ በርጫውን እርግፍ አድርጎ ሲተው፣ ያ ጌታ የድሮውን የባቡር ሐዲድ እየነቀለ እስከ ጅቡቲ በትከሻው እንዲያደርስ አዞት ነበር። አይሻ ጋ ሲደርስ ነቃሁ ይላል። ሲነቃም አልተገላገለም። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ጣሪያው ይታየዋል፣ የጎረቤት በር ሲንኳኳ ይሰማዋል፣ እጁን ግን ማንቀሳቀስ አይችልም። ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል። መጮህ ይፈልጋል፣ ድምፅ የለም።

እንግዲህ ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦ ለተቸገረ ሰው፣ ደረቱ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው የገዛሁለት። የዚህ ዕቃ ማስታወቂያ አስቂኝነቱ እዚህ ጋ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

እንግሊዞቹ የሚያስፈራ ሕልምን ናይትሜር ይላሉ። ናይት ሌሊት ነው። ሜር ሲባል ብዙ ሰው ባዝራ ፈረስ ትመስለዋለች፣ በዛሬው እንግሊዝኛ ባዝራዋም ሜር ስለምትባል። ግን አይደለችም። ይቺኛዋ ሜር በድሮ እንግሊዝኛ ሌሊት መጥታ የተኛ ሰው ደረት ላይ የምትቀመጥ መንፈስ ነበረች። በ1300 እ.ኤ.አ. ገደማ ናይትሜር ስትል ራሷን መንፈሷን ነው የምትጠራው። ቃሉ ተራ መጥፎ ሕልም ለማለት የዋለው ከዚያ ስንት ዘመን በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኖርዌዮች እስከዛሬ «የማራ ግልቢያ» ነው የሚሉት፤ ማራ ያቺው ናት፣ ጋላቢ እሷ፣ ተጋላቢ አንተ። ጀርመኖች ሌላ መንፈስ አላቸው፣ አልፕ የሚሉት፣ እሱም ሌሊት ተጫኝ ነው። ሄንሪ ፉሴሊ የሚባል ሠዓሊ በ1781 እ.ኤ.አ. ይሄን ነገር ስሎታል። አንዲት ሴት ተዘርራ ተኝታለች፣ ደረቷ ላይ አስቀያሚ ፍጡር ቁጢጥ ብሏል፣ ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ የፈረስ ጭንቅላት ብቅ ብሏል። መንፈሱንም ፈረሱንም አንድ ላይ አስገብቶ አረፈው።

አሁን ወደ ድሬ እንምጣ። ድሬን በ1902 እ.ኤ.አ. የወለዳት ባቡር ነው። ከባቡሩ ጋር ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ ጣሊያኑም፣ የመን አረቡም መጣ። ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር ቤት ሠርተው፣ መጋላ ሰፈር ሱቅ ከፍተው ኖረዋል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች እዚህ ሙቀት ውስጥ እየተገላበጡ ሲቃዡ ማደራቸው መቼም አይቀርም፣ ጠዋት ደግሞ ለጎረቤት ያወሩታል። ፈረንሳዩ ኮሽማር ይላል። የቃሉ ግማሽ «ረገጠ፣ ተጫነ» ከሚል የድሮ ግስ የመጣ ነው፣ ሌላው ግማሽ ያቺው የእንግሊዞቹ ሜር ናት። ጣሊያኑ ኢንኩቦ ይላል፣ ከላቲን የወረሰው፣ «ላይ መተኛት» ከሚል ቃል። ግሪኩ ኤፊያልቲስ ይላል፣ ሲፈቱት «ዘሎ ላይህ የሚወጣ» ነው ይሉታል። አረቡ ካቡስ ይላል፣ ከበሰ ማለት ተጫነ፣ ጨመቀ ነው። ጃሱም የሚልም አለ፣ ቁጢጥ ብሎ ከላይህ አልነሳም የሚል ማለት ነው። እኛስ? እኛ «ሌሊቱን ሲጫነኝ አደረ» እንላለን።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ሳይመካከር አንድ ነገር ላይ ተስማምቷል። ቅዠት ክብደት ነው። ደረት ላይ ይወጣል። የኔ ነጋዴ ብቻ ነው ተቃራኒውን የሚሰብክ፣ ደረትህ ላይ 7 ኪሎ ጫንበትና ቅዠት አይመጣም የሚል። ሁለተኛ ሱቁ ስሄድ ይሄንኑ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «እሾህን በእሾህ ነዋ ወንድሜ!» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

በተግባር ምን ሆነ? ድሬ ላይ ምንም። ማለቴ፣ ምንም ጥሩ ነገር። ጓደኛዬ ሳቢያን ነው የሚኖረው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ። ብርድ ልብሱን ለብሶ ትንሽ ቆየና ላብ በላብ ሆነ፣ በእግሩ ገፍቶ መሬት ጣለው። ጨርቁ ከላይም ከታችም ፖሊስተር ነው፣ አየር አያስገባም። አንድ ሌሊት ግን ዝናብ ጥሎ ቀዝቀዝ ሲል እንደምንም ለብሶት አደረ። «ዱካኩ ቀረ?» አልኩት ጠዋት። «መጣ እንጂ! ደሞ ዛሬ የራሱን ጭነት ይዞ ነው የመጣው» አለኝ።

ለነገሩ መምጣቱ አይገርምም። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ይቆልፋቸዋል፣ ሕልሙን በእጅ በእግራችን እንዳንተውነው። አንዳንዴ ቁልፉ ሳይከፈት ሰውየው ቀድሞ ይነቃል። ዓይን ክፍት፣ አካል ዝግ። በዚያ ሰዓት በፈለግከው ልክ አየር መሳብ ስለማትችል ደረትህ የታፈነ ይመስልሃል፣ ግማሽ ሕልም ላይ ያለው አንጎልህ ደግሞ ለአፈናው ባለቤት ይፈልግለታል። ኖርዌይ ከሆንክ ማራን ያመጣልሃል፣ ድሬ ከሆንክ ዱካክን። በጀርባ የሚተኛ ሰው ላይ ይበዛል። እንቅልፉ የተዛባ፣ አንድ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ሌላ ቀን በሦስት ሰዓት የሚተኛ ሰው ላይም እንዲሁ።

ጫቱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ተለይቶ የታወቀው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በ48 ሰዓት ገደማ ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድ ነው የጫት ገበያዋ አወዳይ ላይ ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ሁሉ ጡሩምባ፣ ያ እንደ አንቡላንስ የሚበር አይሱዙ። ምርቃናው እንቅልፍን ይገፋል፣ ከእንቅልፍም በተለይ ሕልም የሚታይበትን ክፍል። ስታቆም አካልህ ያልከፈልከውን ዕዳ ባንዴ ይሰበስባል። ሕልሙ ይደራረባል፣ ይደምቃል፣ ያስፈራል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው ክፉዎቹ፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። ይሄን የማያውቅ ሰው ግን ዱካኩን ሽሽት ተመልሶ ይቅማል። ሀራራውን ችሎ ሕልሙን መቻል ያቃተው ስንቱ ነው! ስለዚህ ለጓደኛዬ ከ7 ኪሎ ብርድ ልብስ ይልቅ «ያልፋል፣ ጥቂት ቀን ነው» የሚል ሰው ይበልጥ ይጠቅመው ነበር። ነግሬዋለሁ። በነፃ።

ሰፈሩም በነፃ ብዙ ነገር ነግሮታል። እናቱ ትራሱ ስር ዳዊት አስቀመጡለት። ዳዊቱ አላጠገባቸውም መሰለኝ ቢላም ጨመሩበት፣ ብረት ይፈራል ብለው። የጎረቤቱ ሙስሊም ሽማግሌ ከመተኛታችን በፊት እኛ ከቁርአን አየተል ኩርሲ እንቀራለን፣ አንተም ያንተን ጸሎት አድርስ አሉት። ክፉ ሕልም ካየህ ደግሞ ወደ ግራህ ሦስቴ እትፍ በል፣ ከዚያ በተኛህበት ጎን አትቆይ፣ ዙር አሉት። ይሄ የመጨረሻው በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሐኪምም ቢሆን በጀርባህ አትተኛ፣ ጎንህን ቀይር ነው የሚልህ። ጓደኛዬ አሁን በጎኑ ይተኛል፣ ሰዓቱንም ያከብራል። ብርድ ልብሱን ግን መለሰልኝ።

እኔ ደግሞ ሐረር ይዤው ወጣሁ። የባለቤቴ አክስት ጁገል፣ ግንብ በከበበው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ታኅሣሥ ላይ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ሚኒባሱ ላይ ጫንኩት። የደንገጎን ዳገት ስትወጣ አየሩ ሲቀየር ይሰማሃል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር 1,885። የሐረር የድንጋይ ቤት ደግሞ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። እና እዚያ ዕቃው ሌላ ዕቃ ሆነ! ወላሂ ሌላ። ከላይህ ሲያርፍ ትከሻህ ይላላል። እኔ ሌሊት ሌሊት እግሬን የማወራጭ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ምስክር ናት፣ እዚያ ግን ዝም ብዬ አደርኩ። እውነቱን ልናገርና ሐረር ላይ ከለበስኳቸው ብርድ ልብሶች አንደኛ ነው። በቅዠት በኩል ምስክርነት መስጠት አልችልም፣ እኔ መጀመሪያውኑም ብዙ አልቃዥም።

አክስትየው ታሪኩን ሲሰሙ ደነቃቸው። «ለጅን ብለህ ነው ይሄን ሁሉ የተሸከምከው ልጄ?» አሉኝ። «ጅቦቹ ምን ይሠራሉ?» ሐረር ላይ ጅብ ሌሊት ከተማ ገብቶ ጅን ይበላል ይባላል። በግንቡ ላይ መግቢያ ቀዳዳ ሁሉ አለው፣ ወራባ ኑዱል ይሉታል። ፈላና በር አካባቢ ማታ ማታ ጅብ ሲበላ የሚያይ ቱሪስት፣ የሚበላውን ሥጋ ፎቶ ያነሳል እንጂ ከተማው ውስጥ የሚጠርገውን ሌላ ነገር አይነግሩትም። አክስትየው ብርድ ልብሱን ግን ወደዱት። ለጉልበታቸው። ቀን ቀን ነደባው ላይ፣ የሐረር ቤት መደብ ማለት ነው፣ ተቀምጠው ሆጃቸውን እየጠጡ ጉልበታቸው ላይ ጣል ያደርጉታል። ስንመለስ መጠየቅ አፈርኩና እዚያው ቀረ።

አሁን ጉድለቱን። ትልቁ ማጠብ ነው። ውሃ ሲጠጣ ብቻህን አታነሳውም፣ እኛ ግቢ የልብስ ገመዱን በጥሶ አቧራ ላይ ወደቀ፣ እንደገና ታጠበ። ተነቅሎ የሚታጠብ ሽፋን ቢኖረው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሁለተኛ፣ ስፌቱ ሰነፍ ነው። አንድ ጥግ ላይ ክሩ ተፈታና ጠጠሩ ሊሾው ላይ ተበተነ። በባዶ እግር ረግጠህ እስክትንሸራተት አታየውም። ልጅ ያለው ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፣ ጠጠሩን ሕፃን አፉ ውስጥ ይከተዋል። ብርድ ልብሱን ራሱንም ሕፃን ላይ አትጣሉ፣ ገፍቶ መውጣት አይችልም። አስም ያለበት ሰው፣ የልብ ችግር ያለበት ሰው፣ ራሱን ማንሳት የማይችል ሽማግሌ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይለብሰው ይሻላል። በተለምዶ የሚመከረው ክብደት የሰውየውን ኪሎ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 50 ኪሎ ለሆነ ሰው 7 ኪሎ ይበዛል። ይሄን ሱቁ ውስጥ ማንም አይነግራችሁም፣ ያላቸው መጠን አንድ ብቻ ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለሐረር፣ ለጨለንቆ፣ ለቁልቢ 4 ከ5። ለድሬ 1፣ እሱም ነሐሴ ላይ ዝናብ ከጣለ። በዱካክ መድኃኒትነቱ ዜሮ። ጫት ለማቆም ብላችሁ የምትገዙት ከሆነ ብሩን ያዙት፣ በጎናችሁ ተኙ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጠገባችሁ የሚያድር ሰው ፈልጉ።

እምቢ ብላችሁ የምትገዙ ግን ስፌቱን አራቱም ጥግ ላይ ጎትታችሁ እዩ። ሚዛን ላይም አስጭኑት። እኔ የራሴን ቀፊራ ገበያ ወስጄ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 6 ኪሎ እንኳ አልሞላም።